በአየለች ደጃፍ

ሐሙስ፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጂንካ

ከአርባ ምንጭ መናኸሪያ የተነሣነው ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። የምሄድበት ጉዳይ አጭር ነበር፤ ለእኔ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ከካኮ በላይ በምትገኝ አንዲት የአሪ ገበሬዎች መንደር ለፋሲካ ሊጠመቁ የሚዘጋጁ ሰዎች አሉ። አርብ ዕለት እነሱን አስተምሬ፣ የተማሩትን ጠይቄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከጂንካ ተሳፍሬ መመለስ ነው። እሑድ የጂንካው አባ ወደ መንደሯ ወጥተው የተጠማቂዎቹን ስም ይጠራሉ። ስሙ ሲጠራ የክርስትና አባት ወይም እናት ከጎኑ የቆመለት ለፋሲካ ይጠመቃል፤ ማንም ያልቆመለት ለከርሞ ይጠብቃል። እኔ ለእሑዱ አልቆይም፤ ሰኞ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች አሉ። ሥራዬ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ማሠልጠን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይቺ ልጅ ስትወለድ እግሯ ነው የቀደመው» ትል ነበር፤ እውነቷን ይሁን ቀልዷን እንጃ።

የሚኒባሱ ሹፌር ፕሮቴስታንት ነው፤ መዝሙሩን እስከ ጥግ ከፍቶታል። ከጎኑ ተቀምጬ መቁጠሪያዬን ሳወጣ በመስታወቱ አየኝና እግዜር በመደጋገም አይሰለችም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አንተ ከኮንሶ ጀምሮ ያንኑ ካሴት ስታዞር ካልሰለቸው የእኔም አይሰለቸውም አልኩት። ሳቀና ድምፁን ትንሽ ቀነሰልኝ። እስከ ወይጦ ድረስ ተስማምተን ሄድን።

ወይጦ ላይ ጉድ ፈላ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ነው፤ መንገደኛው ግን ማር በጀሪካን፣ ከሰል በማዳበሪያ ካልገዛሁ ብሎ ወረደ። ክርክሩ ማለቂያ የለውም። እኔ በመኪናው ዙሪያ እየተሽከረከርኩ ሹፌሩን ጥሩምባ አስነፋሁት፤ አንዲት የማር ነጋዴ «ይቺ ሴትዮ ልትወልድ ነው እንዴ?» ብላ ሰውን ሁሉ በሳቅ ገደለችው። ከዚያ ወደ ቀይ አፈር ሽቅብ ወጣን። ሐሙስ የገበያ ቀኗ ስለሆነ አስፋልቱ ፍየልና አይሱዙ ሆኗል። የበና ጎረምሶች በርጩማቸውን በእጃቸው ይዘው በመንገዱ መሐል ቀስ ብለው ይሻገራሉ፤ የሚያስቸኩላቸው ነገር የለም። ማንጎ ከአርባ ምንጭ በግማሽ ረክሶ አገኘሁና ለነገ ስንቅ ብዬ ገዛሁ። ጂንካ ስንደርስ መሽቷል፤ በባጃጅ ወደ ማረፊያዬ ሄጄ ተኛሁ።

አርብ፣ ከካኮ በላይ

ከካኮ መንደሯ ድረስ ግማሹ መንገድ በሞተር፣ ግማሹ በእግር ነው። አስፋልቱ ዳር ቆመው የጠበቁኝ ጋሽ ማሞ ናቸው። የአሪ ገበሬ ናቸው፤ የመንደሯን ሰዎች በቋንቋቸው የሚያስተምሩትም እሳቸው ናቸው። ዳገቱን ስንወጣ ስለ ተጠማቂዎቹ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ከሁሉም አየለች የምትባለው ታሳስባቸው ነበር። ሸክላ ሠሪ ናት። በዚህ አገር ገበሬና ሸክላ ሠሪ አብረው አይበሉም፤ ገበሬው ማሰሮውን ይገዛል እንጂ ቤታቸው አይገባም። ሰዎቹ የሚጠሩበት ስም አለ፤ እኔ ግን አልጽፈውም። አየለች ሁለት ዓመት ተምራለች፤ ሁለቱንም ዓመት የክርስትና እናት የሚሆናት ጠፍቶ ቀርታለች። ምክንያቱም በመንደሯ ልማድ የክርስትና እናት ስም በተጠራበት ቀን ከክርስትና ልጇ ቤት ገብታ ሳትበላ አትመለስም። ዘንድሮ ግን ብርቱካን የምትባል የተከበረች የገበሬ ሚስት እሺ ብላለች። ጋሽ ማሞ ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ።

ጸሎት ቤቷ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን ናት። አስተማርኩ። በጌታ ማዕድ ዙሪያ ታላቅና ታናሽ እንደሌለ፣ ከአንድ እንጀራ የምንካፈል አንድ አካል እንደሆንን አስረዳሁ፤ ጋሽ ማሞ ወደ አሪኛ መለሱት። ልክ ነው፣ ሐሳቤ ወደ አየለች ነበር። ከበሩ አጠገብ፣ ለብቻዋ በነበረችው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ጣቶቿ ላይ የደረቀ ጭቃ አለ። ብርቱካን ከፊት ነበረች፤ ትልቅ ሴት ልጇ ከጎኗ። ንግግሬ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አይ የኔ ነገር፤ ራሴን በጣም ወደድኩት።

ከትምህርቱ በኋላ እንደ ልማዱ የተማሪዎቹን ቤት ስንዞር ሰው ሁሉ ተከተለን። የአየለች ቤት ከሁሉም በታች፣ ጭቃው ከሚቆፈርበት ጅረት አጠገብ ነው። ጎደሬ ቀቅላ በኮባ ቅጠል ሸፍናለች፤ የቡና ገለፈት አፍልታ በቅል ቀድታለች። በዐቢይ ጾም አርብ ፍኖተ መስቀል የሚባለው የከሰዓት ጸሎት ሳይደገም አፌ ላይ ምንም አይደርስም፤ ከልጅነቴ ያደግሁበት ነው። «ይቅርታ እህቴ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልኩና ቤቱ ውስጥ ጢስ ስለነበር ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አየለች ቅጠሉን ወደ ቦታው መለሰች። ከኋላዬ የቆሙት ሴቶች በአሪኛ አንድ ነገር ተባባሉ፤ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም።

በዘጠኝ ሰዓት ፍኖተ መስቀል ደገምን። ከዚያ ጋሽ ማሞ ቤት ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ፤ ርቦኝ ነበርና ደህና አድርጌ በላሁ። የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ቁልቁል ወረድኩ።

ቅዳሜ፣ ጂንካ መናኸሪያ

ጠዋት ቦታዬን ይዤ መኪናው እስኪሞላ እየተቁነጠነጥኩ ሳለ ጋሽ ማሞ በመስኮቱ በኩል ብቅ አሉ። ለቅዳሜ ገበያ ዝንጅብል ይዘው መጥተው ነው፤ የዝንጅብሉ ማዳበሪያ ትከሻቸው ላይ ነው። ብርቱካን ማታ ቤታቸው መጥታ የክርስትና እናትነቱን መተዋን እንደነገረቻቸው አወሩልኝ። ምነው፣ ምን ነካት ብዬ ጮህኩ።

«መምህርት፣ አንቺ አልበላሽም» አሉኝ።

«ጾም ነበርኮ! ተናገርኩኮ!»

«እኛም እንደዚያ ነው የምንለው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሸክላ ሠሪ ቤት ስንሄድ ‹አልበላም› አንልም፤ ነውር ነው። ‹ጾም ነኝ፣ ሆዴ ሞልቷል› እንላለን፤ ደጅ እንቀመጣለን። ከዚያ እኔ ቤት ገብተሽ በላሽ። ሰው አየ።»

እሳቸውስ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ልቆጣ አልኩና አፌን ያዝኩ። ጾሙ እውነት መሆኑን ያወቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ለሰዉም ሲናገሩልኝ አምሽተዋል፤ ማንም አላመናቸውም። ብርቱካን ያለችውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነገሩኝ፦ «ያቺ የተማረችው ካልበላች፣ ያ ትምህርት ለአፍ ነው ማለት ነው።» ከዚያ ሁሉ ንግግሬ መንደሯ ይዛ የቀረችው ደጃፉ ላይ መቀመጤን ነው። አየለች በእኔ ምክንያት ለሦስተኛ ጊዜ ልትቀር ነው። ጾሜ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው እላለሁ፤ ግን ምን ያደርግልኛል?

ቦርሳዬን ይዤ ወረድኩ። ረዳቱ ቦታሽ ይሸጣል ብሎ ለፈፈ፤ ሽጠው አልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አየለች ቤት

ስንደርስ አየለች ማሰሮ እየተኮሰች ነው። የደረቁትን ማሰሮዎች ደርድራ በደረቅ ሣርና በእንጨት ሸፍና እሳት ለቃባቸዋለች። እሳቱን ጥላ መነሣት አትችልም፤ ከተነሣች ማሰሮው ይሰነጠቃል። ሰላምታዬን በራስ ንቅናቄ ተቀበለች። ልበላ ነው የመጣሁት አልኳት፤ እንዴት ያለ ንግግር ነው! እሷም ምንም የበሰለ የለም፣ ጠብቂ አለችኝ። ጠበቅሁ። እኔን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቃል። ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ፣ እንጨት ላቀብል ብዬ ሰጠሁ፤ እርጥብ ነው ብላ ጣለችው። ጥፋቱን ልገልጽላት ጀመርኩ፤ ጾም እንደነበርኩ፣ ጢሱ ዐይኔን እንዳቃጠለኝ፣ ልማዱን እንዳላወቅሁ። እሳቱን እያየች ሰማችኝ።

«አምኜሻለሁ» አለች በመጨረሻ፣ የአማርኛ ቃል እየመረጠች። «ግን አንቺ ብትበዪም ትሄጃለሽ። እኔ የምኖረው ከብርቱካን ጋር ነው።»

የክርስትና እናት እኔ ልሁንሽ አልኳት። አንገቷን በእምቢታ ነቀነቀች። ስታመም፣ ልጅ ስወልድ፣ ስሞት ከአርባ ምንጭ ትመጫለሽ ወይ አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አፍሬ መሬት ልገባ ምንም አልቀረኝም።

እሳቱ ሲበርድ ገብታ ጎደሬውን ቀቀለች። ቤት ውስጥ፣ ምሰሶው ሥር፣ ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ በላሁ፤ ቅሉንም ተቀባበልን። ገለፈቱ ጨውና ሚጥሚጣ አለበት፤ ጥርስ ያስነክሳል። በሩ ክፍት ነበር። ብርቱካን ውኃ ቀድታ ስትመለስ በደጁ አለፈች። አየችን፤ አልቆመችም።

ተከትያት ሄድኩ። ውኃዋን አስቀምጣ በጋሽ ማሞ አስተርጓሚነት አዳመጠችኝ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ሴት ልጇ ታጭታለች፤ የእጮኛዋ ወገኖች እናቷ ሸክላ ሠሪ ቤት በላች ሲባል ከሰሙ ሽማግሌ ልከው ያፈርሱታል ብላ ትሰጋለች። ባሏ ተዪው ብሏታል። ምን ብዬ ልከራከራት? የሚታጣ ነገር ካለ የምታጣው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። የፈለግሁትን ሁሉ ልናገር ከተነሣሁ በኋላ ጸለይኩላት ብቻ፤ ለማንም ይህን ያህል አጭር ጸሎት ጸልዬ አላውቅም።

እሑድ

አባ በጠዋት መጡ። ከቅዳሴው መሐል ስሞቹን መጥራት ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ሲቆም ከጎኑ አንድ ሰው ይነሣል። አየለች መጨረሻ ላይ ተጠራች፤ ነጭ ነጠላ ለብሳ ብቻዋን ቆመች። አባ ቀና ብለው የክርስትና እናቷ የት አለች ብለው ጠየቁ። ጋሽ ማሞ መሬት መሬት ያያሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ እግሬን መያዝ አቅቶኛል፤ ልነሣ አልኩና የአየለች ጥያቄ ትዝ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

ብርቱካን ከፊት ወንበር ተነሣች። ወደ ባሏ ሳታይ፣ ወደ ማንም ሳታይ ሄዳ እጇን የአየለች ትከሻ ላይ አደረገች። አባ ስሟን ጻፉ።

ይህ ግን ግማሹ ነው። ከቅዳሴ በኋላ መንደሩ በሙሉ ወደ ጅረቱ ወረደ፤ ያመነም ያላመነም፣ ፕሮቴስታንት ጎረቤቶችም፣ እንዲያው ጉዱን ለማየት። አየለች ቀድማ ገብታ ቅሉን ቀዳች። ብርቱካን ደጃፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። ብዙ ቆመች። እኔ በተቀመጥኩበት ድንጋይ አጠገብ ነው የቆመችው፤ ትቀመጣለች ብዬ ሰጋሁ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ገባች። ቅሉን በሁለት እጇ ተቀብላ ጠጣች፤ ጥቂት አገጯ ላይ ፈሰሰ። ጠረገችና ወደ ውጭ ተጣራች። የጠራችው የታጨችውን፣ የምትሳሳላትን ልጇን ነበር። ልጅቷ ከሴቶቹ መሐል ወጣች፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል። እናቷ ቅሉን ዘረጋችላት።

«እኔ ብቻዬን ከጠጣሁ ነገ አንቺ እዚህ ደጅ ትቀመጫለሽ» አለቻት፤ ጋሽ ማሞ በጆሮዬ ተረጎሙልኝ። «ጠጪ።»

ልጅቷ ጠጣች። ለአየለች መለሰችላት፤ አየለችም ከዚያው ጠጣች። ያን ጊዜ ነው አየለች ያለቀሰችው። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ!

ሰኞ፣ አርባ ምንጭ

እሑድ ከሰዓት ካኮ ላይ አይሱዙ ለምኜ ኮንሶ ደረስኩ፣ እዚያው አድሬ ሰኞ ጠዋት ከነአቧራዬ ክፍል ገባሁ። የልጅቷ እጮኝነት ምን እንደ ሆነ እስካሁን አልሰማሁም፤ በደወልኩ ቁጥር ጋሽ ማሞ ዝም ብለዋል ይሉኛል፣ የልጁን ወገኖች ማለታቸው ነው። ያሳስበኛል። ዋጋውን የከፈለች እሷ፣ ትምህርቱን ይዤ የመጣሁት እኔ።

ያን ቀን ሠልጣኞቼ ደብተራቸውን ገልጠው፣ እስክሪብቶ ይዘው ጠበቁኝ። ከየገጠሩ የመጡ፣ ነገ በየመንደራቸው የሚያስተምሩ ናቸው። ስለ ቅዱስ ቁርባን ያዘጋጀሁትን ትምህርት አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሩኝ አልኳቸው፤ እናንተ ማን ቤት ነው የማትበሉት?

አንዱ ሣቀ፣ ቀልድ መስሎት። ሌሎቹ ግን ቀስ በቀስ አቀረቀሩ። ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ የአንድ ጎረቤቷን ስም ተናገረች።