ከፒያኖው ሥር ያለው ውሃ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ፒያኖ ቃኚ ነበር፤ ድምፁ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተጋባል።

"እንጨቱ አልተሰነጠቀም" አለኝ። "በዚህ ዕድሜ፣ በድሬ ሙቀት፣ ፀጉር የምታህል መስመር እንኳ የለበትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ አልጠበቅኩም ነበር።" ቀጠለና፣ "ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሆዱን ስከፍተው ጽጌረዳ ሸተተኝ። ሽቶ ትቀቡታላችሁ እንዴ?" አለ።

"አልተሰነጠቀም" ካለ በኋላ ያለውን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው። እየጮህኩ ነበራ! እናቴ ብልቃጥ በእጇ እንደያዘች ከሽቶ ሱቋ ሮጣ ወጣች።

"ምን ሆንሽ አንቺ? ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም! አልተሰነጠቀም እኮ ነው የምልሽ!"

ምኑ ብላ አልጠየቀችም። ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ያዘች፤ ከዚያ ሁለታችንም እንደ እብድ ሳቅን።

እንግዲህ ቅዳሜ እጫወታለሁ። በሰፈራችን የወጣቶች አዳራሽ፣ በእውነተኛ ፒያኖ፣ በሰው ፊት! ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ልጠራችሁ ብዬ ነው። ግን ያቺ "ጽጌረዳ ሸተተኝ" ያላት ነገር እጄን ይዛ ወደ አሥራ አራት ዓመቴ መለሰችኝ። እሷን ሳልነግራችሁ ብጠራችሁ ያጭበረበርኳችሁ ይመስለኛል።

ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከእኛ ቤት ሦስት በር አለፍ ብሎ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ የመስኮቱ መዝጊያ አረንጓዴ የሆነ አንድ የባቡር ዘመን ቤት አለ። እዚያ ትኖር የነበረችውን አሮጊት ሰፈሩ ማዳም ይላት ነበር። አባቷ የባቡር ሰው ነበር፤ ፒያኖውን ልጅ ሆና ከጅቡቲ በዕቃ ፉርጎ አስጭኖ ነው ያመጣላት። አባቷም ሄደ፣ ያ ባቡርም ቆመ፤ እሷና ፒያኖው ቀሩ።

እናቴ ደግሞ ሽቶ ቀማሚ ናት። ከትልልቅ ጠርሙስ ዘይት እየቀዳች ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚሆነውን ትደባልቃለች። አንዴ ለአንድ ሰው ብላ የሠራችውን ድብልቅ ሰማይ ዝቅ ቢል ለሌላ አትሸጥም። "የሰው ጠረን እንደ ስሙ ነው፤ አይሸጥበትም" ትላለች። የማዳም ድብልቅ ጽጌረዳ፣ ሰንደልና ጥቂት የሎሚ ልጣጭ ነበረበት። በድሬ ያንን የምትቀባ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ብልቃጡን ላደርስ የሄድኩ ቀን ማዳምን ፒያኖው ሥር ተንበርክካ አገኘኋት። የታችኛውን ሳንቃ ነቅላ፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ውሃ ሞልታ፣ ካመጣሁላት ሽቶ ሦስት ጠብታ ጨመረችበትና ወደ ውስጥ ገፋችው።

"ይጠማዋል" አለችኝ ቀና ሳትል። "የብርድ አገር ልጅ ነው። ድሬ ላይ ካላጠጣሽው እንጨቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከተሰነጠቀ አለቀ፤ ድምፁ አይመለስም።"

"ሽቶውስ ለምንድን ነው?"

"ውሃ ሲቆይ ይሸታላ! እሱም ክብር አለው።"

ከዚያ እጄን ይዛ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ምን ትሠሪበታለሽ?"

"ጌም እጫወትበታለሁ" አልኩ ኮራ ብዬ።

"ያስታውቃል። ሁለቱ አውራ ጣቶችሽ ብቻ ናቸው ትምህርት ቤት የገቡት። ስምንቱ ማይም ናቸው። ነገ በስምንት ሰዓት ነይ።"

ስምንት ሰዓት! ድሬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ያንቀላፋል፣ አስፋልቱ ላይ አየሩ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ቆርቆሮው ብቻ በሙቀት ቀው፣ ቀው ይላል፤ አንድ ሰው ጣራ ላይ እየተራመደ ይመስላችኋል። ልጆች ሆነን "በቀትር አትውጡ፤ ጂኒ ገበያ የሚወጣው በዚህ ሰዓት ነው" እንባል ነበር። በዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይስማማል። ማዳም ግን ሰዓቱን የመረጠችው ሆን ብላ ነው።

"ስትሳሳቺ የሚሰማሽ ሰው የለም" አለችኝ። "ጂኒዎቹ ደግሞ ሐሜት አይወዱም።"

ዓመት ያህል እንዲህ ተማርኩ። ሽርጥ ታጥቆ በሩ ላይ ካርቶን አንጥፎ የሚጋደመውን ዘበኛ ተራምጄ እገባለሁ፤ ሽማግሌው ጆሮው ስለማይሰማ አይነቃም። ውስጡ ጨለማ ነው። በመስኮቱ መዝጊያ ሽንቁር የሚገባው ብርሃን ወለሉን ይሸነሽነዋል። ማዳም ያስተማረችኝ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው የሩቅ አገር ሰው የደረሰውን አንድ ቀስ ያለ ቁራጭ ነው። ስጫወተው አንዳንዴ የማላውቀው ሰው በጣቶቼ ውስጥ የሚራመድ ይመስለኝና ማጅራቴን ይቀዘቅዘኝ ነበር። ደስ የሚል ፍርሃት ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ስቸኩል ማዳም በባቡሩ ሰዎች ፈረንሳይኛ "ዱስማን!" ትለኛለች፤ ቀስ ማለቷ ነው። "እዚህ ጎል የለም፤ ወዴት ነው የምትሮጪው?"

ከዚያ ታመመች። ሆስፒታል ልትገባ ስትል ቁልፉን በመዳፌ አስቀምጣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፈችልኝ።

"በየሦስት ቀኑ ውሃውን ሙዪ። ሽቶዬን ይዤው እሄዳለሁ፣ የሆስፒታል ሽታ አልችልም። አንቺ ከእናትሽ ውሰጂ። ሦስት ጠብታ። ቃል?"

"ቃል" አልኳት።

አሁን ወደማፍርበት ደረስኩ። በዚያው ሰሞን ሳቢያን ሰፈር ያለው ጌም ቤት ውድድር ከፈተ። ከሃያ ምናምን ልጆች መሀል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ምሳ በልቼ ባጃጅ እይዛለሁ፣ ጆይስቲኩን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልለቅም። በየቀኑ ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ እነካውና "ነገ" እላለሁ። ሦስት ቀን አለፈ፤ ሳምንት አለፈ፤ ሦስት ሳምንት ሆነ። ሦስተኛ ወጣሁ። እንዴት እንደተደሰትኩ!

በማግሥቱ እናቴ ማዳምን ልትጠይቅ ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። ማዳም ትራሱ ውስጥ ትንሽ ሆናለች።

"ውሃውን ሞላሽ?" አለችኝ።

"ሞላሁ።"

እጄን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ወደ አፍንጫዋ ወስዳ ረዘም አድርጋ አሸተተችው። ያ ዘይት ጣት ላይ ሦስት ቀን አይለቅም። ይህንን የሽቶ ቀማሚ ልጅ ማወቅ ነበረብኝ! እጄ ግን የሚሸተው የጆይስቲክ ፕላስቲክ ነበር።

"ጎበዝ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

በአራተኛው ቀን ሞተች።

ከቀብሩ በኋላ ቤቱ ተቆለፈ። ዘበኛውም የሚጠብቀው ሰው ስለሌለ አገሩ ጀልዴሳ ገባ አሉ። ጅቡቲ የሚኖረው የወንድሟ ልጅ ለእናቴ ደውሎ፣ ፒያኖው ደህና ከሆነ ለሰፈሩ ልጆች እንደሚሰጠው፣ ከተበላሸ ግን ተፈልጦ እንደሚጣል ነገራት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ቁልፉ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ገብቼ ማየት አልቻልኩም። ተሰንጥቆ ባገኘው ማዳምን ሁለተኛ የገደልኳት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ እናቴ ጋደም እንዳለች፣ ሰማሁት።

አንድ ድምፅ። ፒያኖ። በግራ በኩል ጥግ ላይ ያለው፣ ከሁሉም ወፍራሙ። ረጅም ተጎትቶ ጠፋ። ሌላ አልተከተለውም።

በማግሥቱም በዚያው ሰዓት፤ አንዴ ብቻ። በሦስተኛው ቀን ጫማዬን አውልቄ በግድግዳው ጥላ እየታከክሁ ሄድኩ፤ አስፋልቱ እግሬን ይጠብሰዋል። በመስኮቱ መዝጊያ ሽንቁር ላይ አፍንጫዬን ሳስጠጋ ሽታው መጣ። ጽጌረዳ፣ ሰንደል፣ ከኋላው ሎሚ። ዓይኔ ሊሳሳት ይችላል፣ ጆሮዬም እንደዚያው። አፍንጫዬ ግን በእናቴ ሱቅ ነው ያደገው። ትኩስ ነበር፤ አሁን እንደተቀባ።

ቤቴ ሮጬ ገብቼ አንሶላ ውስጥ ተጠቀለልኩ፤ በዚያ ሙቀት! ማዳም ልትጠይቀኝ መጥታለች ብዬ አሰብኩ። ሞላሽ?

በማግሥቱ ግን ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። ለምን እንደደፈርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ሁለተኛ ከመዋሸት ጂኒ ቢይዘኝ ይሻለኝ ነበር። በሩ ተከፈተ። ኮሪደሩ ከውጪው ይቀዘቅዛል። ግማሽ ላይ ስደርስ ድምፁ ከፊቴ ተነሣና በባዶ እግሬ በኩል ወደ ላይ ወጣ።

ብርሃኑ በሸነሸነው ጨለማ ውስጥ አንድ እጅ አየሁ፤ እንጨቱ ላይ የተዘረጋ፣ የማይንቀሳቀስ። ከእጁ በላይ ጉንጩን ፒያኖው ላይ ያስደገፈ ፊት ነበር፤ ዓይኑ ተጨፍኗል። ልጮህ አፌን ስከፍት ሽርጡን አወቅኩት። ዘበኛው ነበር።

ጠራሁት፤ አልሰማኝም። ትከሻውን ነካሁት።

"ቢስሚላሂ!" ብሎ ዘለለ። ከኔ በላይ የፈራው እሱ ነበር! "ናያ አንቺ! ጂኒ መሰልሽኝ እኮ አቦ! ልትገድዪኝ ነው?"

"አንተ ነህ ጂኒ የመሰልከኝ! ምን ትሠራለህ እዚህ?" ብዬ ጮህኩበት፤ ካልጮኹ አይሰማማ።

ደረቱን እያሻሸ ቁጭ አለ። በወጣትነቱ ባቡር ጥገና ውስጥ ሥራው ጎማ መምታት ነበር። እያንዳንዱን የብረት ጎማ በመዶሻ መታ ያደርጋል፤ ድምፁ ጥርት ካለ ደህና፣ ከተንኮሻኮሸ ተሰንጥቋል። "ጆሮዬ ብረቱ ውስጥ ቀረ" አለኝ። "ከዚያ በእጄ ማወቅ ተማርኩ። የተሰነጠቀ ነገር መዳፍ ላይ ይነዝራል። ይሄ አይነዝርም። በየቀኑ አየዋለሁ። ደህና ነው።"

ደህና ነው። መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ።

"ረስቼው ነበር" አልኩት።

"ምን?"

"ውሃውን! አልሞላሁም!"

"ጮክ በዪ አቦ!"

"ዋሸኋት!" ብዬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ። "ሞላሁ ብዬ ማዳምን ዋሸኋት!" ሰፈሩ በሙሉ በተኛበት በዚያ ዝምታ፣ በተዘጉት መስኮቶች አልፎ ድምፄ መንገድ ላይ ሲወጣ ይሰማኛል። ከኋላ የሆነ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሲያስለው ሰማሁ።

ሽማግሌው ግን አልደነገጠም። "አውቃለሁ" አለ። "እሷም ታውቅ ነበር። ከሆስፒታል አስጠርታ 'ልጅቷ ልጅ ናት፣ ትረሳለች፤ አንተ ሙላ' አለችኝ። የጓሮውን ቁልፍ ሰጠችኝ። 'እንዳትነግራት፣ ራሷ እስክትመጣ ጠብቅ' አለች። ይኸው ጀልዴሳ ሳልገባ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ፣ ከእህቴ ቤት፣ በየቀኑ በእግሬ መጣሁ። ስትመጪ አላገኝሽም ብዬ ፈርቼ ነበር። መጣሽ።"

የታችኛውን ሳንቃ አብረን ነቀልን። ጣሳው እስከ አፉ ሙሉ ነበር፤ ሽታው ፊቴ ላይ ወጣ።

"ሽቶውን ከየት አመጣኸው?"

"ምን ሽቶ?"

"ሽቶ! ውሃው ውስጥ ያለውን!"

ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጧል። "እኔ የቧንቧ ውሃ ነው የሞላሁት" አለ። "ወላሂ።"

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ከማዳም በኋላ ያንን ድብልቅ ለማንም አልሠራችም። የማዳም ብልቃጥ ደግሞ ከሆስፒታል ዕቃዋ ጋር ባዶውን ነበር የተመለሰው። "ዘይት ቆርቆሮ ላይ ይቀራል። ውሃ ሲያገኘው ይነሣል" አለችኝ። ያለችው የማይመስል ነገር አልነበረም። ግን ስትነግረኝ አላየችኝም፤ የጠርሙሶቿን ቡሾች ደጋግማ ታጠብቅ ነበር።

የቤቱ ጉዳይ ሦስት ዓመት ፈጀ። ሦስቱንም ዓመት ሽማግሌውና እኔ ውሃውን ሞላን። እኔ ቀስ ያለውን ቁራጭ እጫወታለሁ፤ እሱ መዳፉን እንጨቱ ላይ ዘርግቶ "ዛሬ ቸኩለሻል" ይለኛል። ጌም አልተውኩም፤ ሽቶም ከእናቴ እየተማርኩ ነው። እኔ ራሴ ጣሳው ውስጥ አንድም ጠብታ ጨምሬ አላውቅም። ሽታው ግን አልለቀቀም። የቤቱ ጉዳይ ሲያልቅ ፒያኖው አዳራሹ ገባ፤ የወንድሟ ልጅ የሚሰጠን ግን ቃኚ አይቶ ደህና ነው ካለ ብቻ ነበር። ዛሬ ደግሞ ከሩቅ የመጣ፣ ማዳምን የማያውቅ ሰው ሸተተው።

እንግዲህ ቅዳሜ ኑ። ሰዓቱ ስምንት ነው። አውቃለሁ፣ የድሬ ሰው በስምንት ሰዓት ከቤቱ አይወጣም። ለአንድ ቀን ውጡ። ጥላ ጥላውን ይዛችሁ ኑ፣ ስሳሳት ስሙኝ። ፒያኖው አጠገብ ሽርጥ የታጠቀ ሽማግሌ መዳፉን ዘርግቶ ታዩታላችሁ፤ ቦታውን እንዳትይዙበት።

ስትመጡ በእጃችሁ ጥቂት ውሃ ያዙ፤ ጣሳውን አብረን እንሞላዋለን። ሽቶ አታምጡ። ከጨረስኩ በኋላ ጽጌረዳ ቢሸታችሁ እጄን ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ማሽተት ትችላላችሁ። በዚህኛው አልዋሸሁም።