ዝም የሚለው ኮምፒውተር

ቁልፍ ቀራጩ በሚስቱ መቅናት የጀመረው አንድ ደንበኛ የቤት ቁልፍ ሊያስቀርጽ የመጣ ዕለት ነው። ሰውየው መኪናውን ከሱቁ ፊት ለፊት አቁሞ ሬዲዮውን ሳያጠፋ ወረደ። ሬዲዮው ይዘፍናል። ዘፋኙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከኋላው ሆና አዝማቹን የምትቀበለውን ሴት ግን ማንም አያውቃትም። ቁልፍ ቀራጩ ማሽኑን አጥፍቶ ጆሮውን አቆመ። ጠዋት «ቁርስህን ሳትበላ እንዳትወጣ» ያለው ድምፅ ነው።

«ቆንጆ ዘፈን ነው፣ አይደል?» አለ ደንበኛው።

«ምኑ ነው ቆንጆ!» አለና ማሽኑን መልሶ አስነሳው። የዚያን ዕለት የቀረጸው ቁልፍ በር አልከፍት ብሎ ሰውየው ማታውኑ እየተበሳጨ ተመለሰ።

ሚስቱን እንዳትዘፍን የሚከለክል ሰው እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም አቀናባሪው ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት ራሱ ነው። አቀናባሪው አብሮ አደጉ ነው፤ በልጅነታቸው በአንዲት አሮጌ ኪቦርድ እየተሻሙ ነው ሙዚቃ የተማሩት። ከዚያ አንዱ ሠርግና ምርቃት ላይ እየተጫወተ ስም አወጣ፣ ቤቱ ውስጥ አንዷን ክፍል መቅጃ አደረጋት። ሌላው ትዳር ያዘ፣ ቁልፍ መቅረጫ ማሽን ገዛ፣ ዜማውን በፉጨት ብቻ የሚያወጣ ሰው ሆነ። አቀናባሪው አንድ ቀን «ተቀባይ ሴት ቸግሮኛል» ቢለው «የኔዋ አለችልህ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። ሚስቱ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ናት። ጥርሱን ይዞ እየጮኸ የሚገባ ሁሉ እሷ «ይቀመጡ፣ አሁን ይጠራሉ» ስትለው ይረጋጋል ይባላል። እንዲህ ያለ ድምፅ ያላት ሚስት ለጓደኛ ማበደር በዚያን ጊዜ የሚያኮራ ነገር መስሎት ነበር።

ከሬዲዮው ወዲህ ግን ኩራቱ ወደ ቅናት ተለወጠ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአቀናባሪው ቤት ስትመለስ በሩ ላይ ይጠብቃታል።

«ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»

«ስንዘፍን ነዋ! ሌላ ምን እንሠራለን?»

«ይሄን ሁሉ ሰዓት?»

«አንዱን መስመር ደጋግመን ነው የምንቀዳው። ክፍሉ ደግሞ ጸጥታው! የራስህ ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማሃል» አለችው ጫማዋን እያወለቀች።

ጸጥታውን ማድነቋ ነበር። እሱ ጆሮ የገባችው ግን ትንፋሽ የምትለዋ ብቻ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ቁልፍ በቀረጸ ቁጥር ይቺን ትንፋሽ ሲያመነዥክ ሰነበተ። የማን ትንፋሽ? ከማን ጋር ሆና ነው ትንፋሽ የምትሰማው? እንግዲህ ሰው አንዴ ከቀና አእምሮው የሚያፈራው ይሄንን ነው።

በመጨረሻ አንድ መላ መጣለት፤ ኮምፒውተር ሊገዛ። ማይክ፣ የጆሮ ማዳመጫና ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ ካለ ሚስቱ ቅዳሜ የትም መሄድ የለባትም። ደግሞም ለእሷ ብሎ የሠራው አንድ ዘፈን አለ። ማሽኑ ፊት ቆሞ እያፏጨ የጨረሰው ነው። ግጥሙን ታውቀዋለች፤ እቃ ስታጥብ ታንጎራጉረዋለች። ያ ዘፈን በእሷ ድምፅ፣ በእሱ ቤት፣ በእሱ እጅ ካልተቀዳ ሞቶ እንደሚቀር ሆኖ ተሰማው። ሰው ሲጠይቀው «ለሙዚቃ ሥራ ኮምፒውተር እያየሁ ነው» ይላል እንጂ የያዘው ሌላ ነገር ነው። ሚስቱን ከሰው ዘፈን ማስመለስ ነው የያዘው።

ወሬው እንዴት እንደደረሰው እንጃ፣ አቀናባሪው አንድ ቀን ከሰዓት ሱቁ ድረስ መጣ። የሚቀረጽ ቁልፍ አልያዘም። ትንሽ ዞር ዞር አለና፣

«ኮምፒውተር ልትገዛ ነው አሉ» አለ።

«ማን ነው ያለው?»

አቀናባሪው አንገቱን አከከ። «ሰማሁ። ስማኝ ወንድሜ፣ ቀጭኗን ግዛ። ማቀዝቀዣ ፋን የሚባል የላትም፣ ዝም ነው የምትል። ትልልቆቹን ተዋቸው፣ ላንተ ሥራ እሷ ትበቃለች።»

«ለእኔ ሥራ ትበቃለች?»

«አዎ፣ ከበቂ በላይ ናት» አለ ያ የዋህ፣ እሳት ላይ ጋዝ እየጨመረ መሆኑን ሳያውቅ።

አቀናባሪው ከሄደ በኋላ ቁልፍ ቀራጩ የያዘውን ቁልፍ ወረወረው። አያችሁ ተንኮሉን! ትልቁን እንዳልይዝ፣ ከእሱ በታች እንደሆንኩ እንድቀር! ለእሱ ሲሆን ሙሉ ክፍል፣ ለእኔ ሲሆን «ትበቃለች»! ባለ በሌለ ኃይሉ ትልቁን እንደሚገዛ እዚያው ቆሞ ማለ።

ኮምፒውተር መሸጫው ከአውራ ጎዳናው ዳር ነው። ሚስቱን አስከትሎ ሄደ። ሻጩ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ለምላሱ ማረፊያ የሌለው ወጣት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠላቸው። አንደኛዋ ቀጭን፣ ግራጫ፣ ዓይን የማትስብ ላፕቶፕ ናት። ሌላው ሳጥን የሚያክል፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት ጉድ ነው።

«ይሄ እውነቱን ለመናገር ለጌም ነው የሚፈለገው» አለ ሻጩ። «ሙዚቃማ ለእሱ ምኗ ናት! መቶ መሣሪያ ቢደራርቡበት አያስነጥሰውም።»

«አቀናባሪዎች የሚይዙት ዓይነት ነው?»

«አንዳንዶቹ ቀጭን ነው የሚይዙት። ከዚህ ጋር በምን ይገናኛል!»

ቁልፍ ቀራጩ ይሄን ሲሰማ ፊቱ በራ። ሚስቱ በዚህ መሃል ቀጭኗን አስከፍታ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ወደ ትልቁ ጠጋ ብላ ሰማችና ግንባሯን ቋጠረች።

«ይቺኛዋ ደስ ትላለች» አለች እጇን ቀጭኗ ላይ ጣል አድርጋ።

«አንቺ ደግሞ የማን ጠበቃ ነሽ?» አለ፤ ሻጩ ፊት፣ ጮክ ብሎ።

እጇን አነሳች። እሱ ግን ሳጥኑን አቅፎ፣ ያሸነፈ ሰው ሆኖ ነው ቤቱ የገባ።

ፋኑን ሱቅ ውስጥ ለምን አልሰማውም ትሉኝ ይሆናል። መንገዱ ይጮሃል፣ አንድ። ሁለተኛ፣ ብረት በብረት ሲያስፈጭ የኖረ ጆሮ ትንሽ ጩኸትን እንደ ጩኸት አይቆጥርም። ማይክ ግን ይቆጥራል። የመጀመሪያውን ዕለት ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁለት መስመር ዘፈነች። መልሰው ሲያዳምጡት ከድምጿ ኋላ ዝናብ የሚዘንብ ነው የሚመስል። ሽ... ብሎ የማያባራ ነገር።

«ማይኩ ነው» አለ። ማይኩን ቀየረ። «ገመዱ ነው» አለ። ገመዱን ቀየረ። ከዚያ ፍሪጁን ጠረጠረው፣ ነቀለው፣ መልሶ መሰካቱን ረስቶት ወተቱ ሁሉ ተበላሸ። ኮምፒውተሩ ነው ማለት ግን ሞት ሆነበት። አቀናባሪው ልክ ነበር ማለት ነዋ!

ሲቸግረው ኮምፒውተሩን ብርድ ልብስ አለበሰው። ዝም አለ። ሚስቱ ዘፈነች፣ እንዲያ ዘፍና አታውቅም፤ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ይነቀንቃል። የመጨረሻው አዝማች ላይ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ በሙቀት ታፍኖ ድርግም አለ። ሲያስነሱት ከዘፈኑ ቅንጣት የለም። ሚስቱ ብርድ ልብሱን አንስታ አጣጥፋ ቦታው መለሰችው።

በማግስቱ ቁልፍ ቀራጩ የሚያውቃትን ብቸኛ ጥበብ መዘዘ፤ መብሻ አመጣ። የመኝታ ቤቱንና የወጥ ቤቱን ግድግዳ በሳው። አከራያቸው ጩኸቱን ሰምተው «ልጄ፣ ቤቱን ልታፈርስብኝ ነው?» እያሉ መጡ፤ ለምኖ መለሳቸው። ኮምፒውተሩን ወጥ ቤት ከድስቶቹ ጎን አስቀምጦ ገመዱን በቀዳዳው አሳለፈው። እሷ ከማይኩ ጋር መኝታ ቤት፣ እሱ የጆሮ ማዳመጫውን ደፍቶ ወጥ ቤት። ስልኳንም ማይኩ አጠገብ ድምፅ ስለሚያስገባ ከመጀመሯ በፊት ለእሱ ትሰጠዋለች፤ እሱም ጨው ዕቃው አጠገብ ያኖረዋል። ሚስቱን ከሰው ቤት አመጣለሁ ያለ ሰው በመካከላቸው ግድግዳ አስገባ ብላችሁ ብትስቁበት አልፈርድባችሁም።

ግድግዳው ጩኸቱን አስቀረው። ቅናቱን ግን አላስቀረውም። እሑድ ከሰዓት ገና መስመሩን ሳትጨርሰው ያስቆማታል።

«ቆይ! እዚያም እንዲህ ነው የምትዘፍኚው?»

«እንዴት?»

«እዚያ ደስ እያለሽ ነው የምትዘፍኚው። ሬዲዮ ላይ ሰምቼሻለሁ!»

ደግማ ትጀምራለች። ደግሞ ያስቆማታል። በመጨረሻ ገመዱን አስተካክላለሁ ብሎ ጎንበስ ባለበት፣ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ድምጿን ሰማ። እየዘፈነች አይደለም። ዝቅ ብላ እያወራች ነው። ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ከማን ጋር ነው? ከአቀናባሪው ጋር ይሆን?

«አልተቆጣሁትም እኮ እህቴ፤ ደክሞኝ ነው» ትላለች። «ቀጭኗን ግዛ በለው ብዬ አቀናባሪውን የላክሁት እኔ ነኝ። ከእኔ አፍ ከሰማው እዚያ ሄደሽ የተማርሽው ነው ይለኛል ብዬ ፈርቼ... አዎ። ልማር ብዬ ነዋ የሄድኩት! እንዴት እንደሚቀዳ አይቼ፣ የእሱን ዘፈን በደንብ ልዘፍንለት ብዬ። እዚያ የምቀበለው የሰው ዘፈን ነው፤ ዘፍኜው እወጣለሁ፣ አለቀ። የእኔ የምለው ያቺን አንዲት ዘፈን ነው። እሷንም ባሌ አላዘፍነኝ አለ።»

ቁልፍ ቀራጩ ውሃ ሆነ። የመጀመሪያው ስሜቱ ኀፍረት ነበር። ሁለተኛው፣ አትታዘቡት፣ መልሶ ቅናት ነው፤ ለካ ስለ እኔ ከአቀናባሪው ጋር ይመካከራሉ! ይሄን አስቦ በራሱ ተናደደ። ተመክሮ የማይመለስ ልብ!

ቀና ሲል ዓይኑ ጨው ዕቃው ላይ አረፈ። ስልኳ አጠገቡ ተቀምጧል። ራሱ ነው ያስቀመጠው። ክው አለ። ስልኩን አየ፣ ቀዳዳውን አየ። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቆ አፉን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከእህቴ ጋር።»

«ስልክሽ እኮ እኔ ጋ ነው!»

«አውቃለሁ፤ ማን ሰጠህና?» አለች። «ማይኩ ክፍት መሆኑንም አውቃለሁ፣ ቀይዋ መብራት እዚህ ናት። ምን ላድርግ? ያንን ነገር ጆሮህ ላይ ካልደፋህ አትሰማኝማ።»

ኮምፒውተሩ ከድስቶቹ ጎን ያጓራል፣ መብራቱ ይሽከረከራል። ምን ያህል እንደሚጮህ ገና አሁን ነው የሰማው። ተነስቶ መኝታ ቤት ገባና ከእግሯ ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ኮምፒውተሩን ማን ሊጠብቀው ነው?» አለችው።

«ራሱን ይጠብቅ። ዝፈኝ።»

ዘፈነች። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንም አላስቆማትም።

በሳምንቱ ቅጂውን ይዞ አቀናባሪው ቤት ሄደ፤ ብቻውን፣ አንገቱን ደፍቶ። «ስማልኝ» አለው። አቀናባሪው ማዳመጫውን ደፍቶ ሰማ። ደግሞ ሰማ። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ አቆመው።

«ጎበዝ ናት፣ ምንም አይወጣላትም! ብቻ እዚህ ጋ የሰው ትንፋሽ ገብቷል። በደንብ ይሰማል። ላጥፋው?»

«እንዳትነካው!» አለ ቁልፍ ቀራጩ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «የኔ ነው። ሰው ሁሉ ይስማው።»