እናቴ የባቡሩን ድልድይ የተሻገረች ዕለት

ባለፈው ወር የእህቴ የልጅ ልጅ ማህሌት ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው።

«እቴቴ፣ ይኼን እዩልኝማ!»

መነጽሬን ፈልጌ እስካደርግ ድረስ ትዕግሥት አልነበራትም። ፎቶው ላይ ያለችው እሷው ናት። ቆብ ደፍታ፣ ብስክሌቷን በአንድ እጇ ይዛ ትስቃለች። ከኋላዋ ረጅም የብረት ድልድይ ይታያል። ወለሉ እንጨት ተነጥፎበታል፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ደረት የሚደርስ መደገፊያ ተበጅቶለታል። ራቅ ብለው ሁለት ሴቶች ዘንቢል አንጠልጥለው እያወሩ ይሻገራሉ።

«የት ነው ይኼ?» አልኳት።

«አሮጌው የባቡር ድልድይ ነዋ! ባቡሩ ከቀረ ጀምሮ ዝጎ ቆሞ ነበር። አሁን ለእግረኛና ለሳይክል አደረጉት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እዚያ ነው የምንነዳው። ያውቁታል እንዴ?»

ሳቄ መጣ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሐረር ተወልጄ ሐረር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ሐረር ደግሞ ባቡር ደርሶባት አያውቅም። ያንን ድልድይ ግን ከብዙ የባቡር ሰው በላይ አውቀዋለሁ።

የዚያን ክረምት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እጠብቅ ነበር። ቤታችን ከሸዋ በር ብዙም አይርቅም። እናቴ ወይዘሮ አስካለ፣ አባታችን ከሞተ በኋላ እኔንና ታላቅ እህቴን ጽጌን በርበሬና ቅመም እያዘጋጀች፣ ገበያ እያወጣች ነው ያሳደገችን። ልብሳችን፣ ፀጉራችን፣ ደብተራችን ሳይቀር በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስታስነጥስ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

እናቴ በሕይወቷ አንድ ትልቅ ምኞት ነበራት፤ ጽጌን ዳስ ጥላ መዳር። ለዳሱ የሚሆነውን ሸራ ማን እንደሚያውሳት፣ ማን እንደሚጠራ፣ ማን ደግሞ ሳይጠራ እንደሚቀር ሁሉ አስባ ጨርሳ ነበር። ጽጌ ግን ድሬዳዋ ሥራ ይዛ ሄደችና፣ ጥላሁን ከሚባል የምድር ባቡር የሐዲድ ሠራተኛ ጋር ተዋደደች። እናቴ «ዘመዱን የማላውቀውን ሰው ቤቴ አላስገባም» ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰች። ጽጌም ያለ ዳስ፣ ያለ ምርቃት አገባችው። ባሏ ወደሚሠራበት፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ወዳለች ትንሽ ጣቢያ ሄዳ ጎጆ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የጽጌ ስም አይነሳም። አንዳንዴ እናቴ ተሳስታ እኔን «ጽጌ!» ብላ ትጠራኝና፣ ስሙን ያነሳሁት እኔ ይመስል ቀኑን ሙሉ ስትቆጣኝ ትውላለች።

ይኼን ዝምታ የሰበሩት አይ ፋጡማ ናቸው። አይ ፋጡማ የጁገል ሰው ናቸው፤ «አይ» በሐረሪዎች ቋንቋ እናት ማለት ነው። ግንቡ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው፤ ዕቃ ሊያመጡ ድሬዳዋ ይመላለሳሉ፣ በባቡርም ወደ ጣቢያዎቹ ይወርዳሉ። እናታቸው ከአያቴ ጋር ጎን ለጎን ገበያ ይቀመጡ ስለነበር፣ እሳቸውና እናቴ እንደ እህትማማች ነበሩ። አንድ ጠዋት ዝናቡን በጥቁር ጃንጥላቸው ተከልለው መጡና፣ እናቴ በርበሬ ከምትነፋበት ፊት ለፊት ቁጭ አሉ።

«አስካለ፣ አያት ሆነሻል። ማብሩክ።»

እናቴ መንፋቷን አላቆመችም።

«ወንድ ነው። ወላሂ አፍንጫው ያንቺ ነው። በአርባ ቀኑ ክርስትና ሊነሳ ነው።»

ወንፊቱ ቆመ። «የዛሬው በርበሬ ኃይለኛ ነው» አለች እናቴ፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። አይ ፋጡማም «አዎ፣ እኔንም አስለቀሰኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ማንም የማይናገረው ሽር ጉድ ሆነ። ቅቤው ተነጥሮ በቆርቆሮ ገባ። ለገንፎ የሚሆን ገብስ ተፈጨ። ለስላሳ ትንሽ ጋቢ ከሸማኔ መጣ። እናቴ ግን አንድ ጊዜ እንኳ «ጽጌ ጋ እንሄዳለን» አላለችም። የክርስትናው ዋዜማ ማለዳ «ድሬዳዋ ጉዳይ አለኝ፤ ዕቃ ትይዥልኛለሽ» አለችኝ። ሸዋ በር መኪና ተራ ስንደርስ አይ ፋጡማ የሐልዋ ጥቅላቸውን አቅፈው ቆመዋል። «እኔም ጨርቅ ላመጣ ነው» አሉ። ሦስታችንም ወዴት እንደምንሄድ እናውቃለን፤ ሦስታችንም ዝም።

ያ መንገድ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። የሐረማያ ሐይቅ ያኔ ሙሉ ነበር፤ ውኃው ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ ያብለጨልጫል። የበቆሎው ማሳ ከሰው ቁመት በልጧል። ደንገጎ ላይ ጉም ወርዶብን ሾፌሩ መብራት አበራ፤ ቁልቁለቱን ስንጨርስ ደግሞ የድሬዳዋ ሙቀት ፊታችን ላይ ተለጠፈ። የለበስነውን ሹራብ እየገፈፍን ባቡር ጣቢያው፣ ለገሃር ደረስን።

ባቡር የለም። ከጣቢያው ወዲያ ጎርፍ ሐዲዱን አንድ ቦታ ሸርሽሮታል፤ እስኪጠገን አይንቀሳቀስም አሉን። አይ ፋጡማ ከሚያውቋቸው ነጋዴዎች ጠይቀው ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና አገኙልን። እናቴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ፣ የቅቤውን ቆርቆሮ እንደ ሕፃን ታቅፋ ሄደች።

መኪናው የቆመው ወንዙ ዳር ነው። ወንዝ ይባላል እንጂ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ግመሎች ተኝተውበት ይውላሉ። ያን ቀን ግን ደጋው ዘንቦ ኖሮ፣ ቡና የመሰለ ደራሽ ውኃ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ እየነዳ ይወርዳል። «ቢፈጥን ነገ ከሰዓት ነው የሚጎድለው» አለ ሾፌሩ። ክርስትናው ነገ ማለዳ ነው። የጽጌ ቤት ማዶ ነው።

ከበላያችን ደግሞ የባቡሩ ድልድይ አለ። በረጃጅም የድንጋይ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋ ብረት ነው። በባቡር ሲያልፉበት ምንም አይመስልም። ቆመው ሲያዩት ግን ወለል የለውም፤ ሁለቱ ሐዲዶችና እነሱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች ብቻ ናቸው። በአግዳሚዎቹ መሃል ያ ደራሽ ውኃ ሲገለባበጥ ይታያል። መደገፊያ የሚባል ነገርም የለም። የተሠራው ለዕቃና ለባቡር ነው፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ያኔ ማንም ትዝ አላለውም።

እናቴ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «እግዜር አልፈቀደውም» አለች። «እንመለስ።»

እናቴን አውቃታለሁ። እዚህ ድረስ ያመጣት ስንት ቀን ከራሷ ጋር ታግላ ነው። አሁን ከተመለሰች ወንዙን ምክንያት ታደርገዋለች፤ ወንዙ ሲጎድል ሌላ ምክንያት ይገኛል፤ ልጁም አያቱን ሳያውቅ ያድጋል። አይ ፋጡማ ግን ድንጋይ ላይ ተመቻችተው ተቀምጠው፣ መንገድ ላይ የገዛነውን የቁልቋል ፍሬ፣ እኛ ቲኒ የምንለውን፣ በቢላዋ ይልጣሉ።

«ተመለሺ አስካለ» አሉ። «እኔ ሕፃኑን ሳላይ አልመለስም። ሐልዋዬ ይደርቅብኛል።»

በዚህ መሃል ከማዶ አንድ ረጅም ወጣት አግዳሚዎቹን እየረገጠ መጣ። ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ገና ሲቃረብ አወቅሁት። ጽጌ ልትሄድ ስትል ልትሰናበተኝ ትምህርት ቤት የመጣችው ከእሱ ጋር ነበር። ጥላሁን ነው። እሱም አየኝ፤ አየኝና ጭንቅላቱን በትንሹ ነቀነቀ፤ ዝም በዪ ማለቱ ነው። አይ ፋጡማም እንደሚያውቁት የገባኝ በኋላ ነው። እናቴ ብቻ አታውቀውም።

«እንደምን ዋሉ እማማ?» አለ ጎንበስ ብሎ። «ሊሻገሩ ነው?»

«እየተመለስን ነው» አለች እናቴ።

«ለክርስትና ነው የመጣነው፣ ልጄ» አሉ አይ ፋጡማ ከወዲያ።

ጥላሁን ሌላ አልጠየቀም። ወደ ማዶ ተመልሶ ከአንድ ባልደረባው ጋር ጋሪ እየገፋ መጣ። ሠራተኞቹ ብረትና ድንጋይ የሚጭኑበት፣ በሐዲዱ ላይ በእጅ የሚገፋ ጠፍጣፋ ጋሪ ነው። ጣውላ ደረደረበት፤ ጃኬቱንም አውልቆ አነጠፈበት።

«እኔ ድንጋይ ነኝ እንዴ በጋሪ የምጫን?» አለች እናቴ።

አይ ፋጡማ ግን «ቢስሚላህ!» ብለው ወጥተው ተቀምጠዋል። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሐልዋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ልክ ሙሽራ ይመስላሉ። እናቴ እሳቸውን አየች፤ ወንዙን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አጥብቃ አጣፋችና ወጣች። እኔም ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ባልደረባው ከኋላ ይገፋል፤ ጥላሁን ከጎናችን አግዳሚዎቹን እየመረጠ ይራመዳል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና የቱታውን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች። ጋሪው ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል፤ ከታች ውኃው ያገሳል። መሃል ላይ ስንደርስ፣ ፍርሃቷን ልትረሳ ይመስለኛል፣ ወሬ ጀመረች።

«አንተ ልጅ፣ እናት አለህ?»

«የለችኝም እማማ። በልጅነቴ ነው የሞተችው።»

«ሚስትስ?»

«አለችኝ።»

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አለ። «እናቷ ናፍቃታለች እንጂ።»

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። ቀና ብላ ፊቱን ረጅም ጊዜ አየችው። ድልድዩ መሃል ላይ ነን፤ ልውረድ ብትል መውረጃ የለም። አይ ፋጡማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ያደርጋሉ። እናቴ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። እጅጌውን ግን አልለቀቀችም።

ማዶ ስንደርስ ወርዳ ቀሚሷን አራገፈች።

«ጥላሁን የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ወዲያ ማዶ ሳለን ለምን አልተናገርክም?»

«ከተናገርኩ ጋሪው ላይ አይወጡም ብዬ ፈራሁ።»

«አልወጣም ነበር!» አለች እናቴ። አይ ፋጡማ ሳቃቸው አመለጣቸው። የእናቴም ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። «በል እንካ» አለችው፣ የቅቤውን ቆርቆሮ እየሰጠችው። «ቀጥ አድርገህ ያዘው፣ እንዳይፈስ።»

ጽጌ ከድንጋይ የተሠራው የሠራተኞች ቤት ደጃፍ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ቆማለች። ከሩቅ አይታን መራመድ አቅቷት ነው የቆመችው። ስንት ዓይነት ንግግር ጠብቄ ነበር። እናቴ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ሕፃኑን ተቀበለቻት፤ አፍንጫውን መረመረች፤ ከዚያ ጽጌን ከላይ እስከ ታች አየቻትና «ከስተሻል» አለች። «ምንድነው እዚህ የሚያበሉሽ?» እህቴ ይኼን ስትሰማ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኛ ቤት ፍቅር የሚነገረው እንደዚያ ነበር።

በማግስቱ ሕፃኑ ክርስትና ተነሳ። አይ ፋጡማ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ግራር ጥላ ሥር ጫማችንን ሲጠብቁ ቆዩ፤ ስንወጣ ሕፃኑን ከሁሉ ቀድመው የተቀበሉት እሳቸው ናቸው። ጥላሁን ለእሳቸው ብሎ፣ ሙስሊም ባልደረባው ያረደውን ፍየል በሌላ ድስት ለብቻ አሠርቶ ነበር። ይኼን ሲያይ የእናቴ ፊት ሙሉ በሙሉ ተፈታ። «ያሳደገው ሰው አለ» አለችኝ በጆሮዬ።

ለሁለት ቀን የሄደች እናቴ እንቁጣጣሽን እዚያው ዋለች። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በባቡር ትሄድ ነበር። ጥላሁንም ሐረር ሲመጣ ጣሪያችንን ሳያድስ፣ በራችንን ሳያቃና አይመለስም። እናቴ ስትታመም ሐኪም ቤት ተሸክሞ ያስገባት እሱ ነው። ስትሞትም እንደ ወንድ ልጅ ሆኖ ቀበራት። አይ ፋጡማ ቀደሟት፤ ጽጌም ተከተለቻቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ ወርጄ፣ ከማህሌትና ከጥላሁን ጋር ድልድዩን ላየው ሄድኩ። ጥላሁን ዛሬ ከዘራ ይዟል። ሙቀቱ ሳይበረታ በጠዋት ደረስን። እንጨቱ ከእግር በታች ድም ድም ይላል። አንዲት ሴት ሁለት ፍየሎች እየነዳች አለፈችን፤ የወተት ጄሪካን ያሰረ ብስክሌተኛ ደወሉን እያቃጨለ መንገድ ጠየቀን። ጥላሁን በየብሎኑ አጠገብ እየቆመ፣ ቀለሙ ስስ ነው፣ ይኼ አልጠበቀም እያለ ያጉረመርማል። ሐዲዱ መነሳቱ ከፍቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። «አይ» አለ ወደ ሴትዮዋ እያየ፣ «ድሮም ሰው እየተደበቀ ይሻገርበት ነበር። ስንቱን ከመሃል እየመለስኩ ተሰድቤያለሁ። አሁን ደህና ነው።»

እሱ ወደ ፊት ሲቀድመን ለማህሌት ይኼን ሁሉ ነገርኳት። ብስክሌቷን እየገፋች ሰማችኝ። ከዚያ «እቴቴ፣ ያን ቀን ቢመለሱስ ኖሮ?» አለች።

«ሌላ ቀን ትሄድ ነበር» አልኳት።

ለልጅ የሚባለው እሱ ነው። ውኃው ጎድሎ፣ መንገዱ ተጠግኖ፣ አንድ ቀን ትሄድ ነበር ብዬ ራሴም ባምን ደስ ይለኝ ነበር። ግን እናቴን አውቃታለሁ።