ያጠረው ቧንቧ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለፓስተሬም። እኛ ጴንጤዎች የንስሐ አባት የለንም፤ እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተው ስማኝ። ግን አደራህን፣ «ጊዜው ነው፣ ኮሮና ነው» ብለህ እንዳታጽናናኝ። ማጽናኛ አልፈልግም። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ላምቤቦ ከሆሳዕና መጥቼ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ስገባ ቤታቸው ያሳደሩኝ፣ ኮምፒውተር ትምህርት ያስገቡኝ፣ በኋላም እሳቸው ወደሚሠሩበት የቧንቧ ወርክሾፕ ይዘውኝ የሄዱ ሰው ናቸው። እኔ ቧንቧ የምንሠራለትን ፋብሪካ በኮምፒውተር ዲዛይን ፕሮግራም ውስጥ ገንብቼ የእያንዳንዱን ቧንቧ ስዕል ለየብቻው አወጣለሁ። እሳቸው እኔ በጻፍኩት ልክ ይቆርጣሉ። «ልጄ የሳለው ነው» ካሉ አለቀ፣ ደግመው አይጠይቁም።

ሎክዳውኑ ሲላላ የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ሥራ መጣ። አዲሱ ቧንቧ ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ሳይት ሄጄ መለካት ነበረብኝ። አልሄድኩም። ያኔ ከምኖርበት ከሂልብሮው ታክሲ ውስጥ ተጠጋግቶ መሄዱን ፈራሁ። እሺ፣ ማን ያልፈራ አለ? ወንጀሌ መፍራቴ አይደለም። ያልተለካ ቧንቧ ጫፉ ላይ ትንሽ ትርፍ ይተውለታል፤ ሳይት ላይ ተቆርጦ እንዲገጥም። አንዲት ምልክት ካደረግክ ፕሮግራሙ ራሱ ይጨምረዋል። እኔ ግን ልኩን ከአሮጌ ስዕል ገልብጬ፣ ለክቶ የመጣ ሰው ለመምሰል ትርፉን አጠፋሁት።

ቧንቧው አጠረ። ፋብሪካው ቆመ፣ አለቃችን ጮኸ። ያኔ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ አይዙር ተብሎ፣ ወርክሾፑ ስዕሉን የሚያየው እኔ ከማስቀምጥበት ፎልደር፣ በስልክ ነበር። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ትርፉን መልሼ ጨመርኩ። በዚያው ስም፣ በዚያው ቁጥር፣ አሮጌው ላይ ጫንኩት። አመነታሁ ብዬ ልዋሽህ? አላመነታሁም።

አለቃው በስልክ አገናኘን። ጋሽ ላምቤቦ ስዕሉን ከፍተው ሲያዩ ትርፉ ቁልጭ ብሎ አለ፤ እሳቸው የቆረጡት ግን ያለ ትርፍ ነው።

«ልጄ፣ እንዲህ አድርገህ ነው የላክኸው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ አለቃውን ይቅርታ ጠየቁ። ብዙም ሳይቆይ ተባረሩ።

ቢጮሁብኝ፣ ውሸታም ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር እኮ! እሳቸው የጠረጠሩት የገዛ ዓይናቸውን ነው። «ዓይኔ ደክሟል፣ ቁጥር እስታለሁ» ብለው ብረት መቁረጥ እርግፍ አድርገው ተዉ። ዛሬ ቶኮዛ ሰፈር፣ በወንድማቸው ስፓዛ፣ በትንሿ ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ተቀምጠው ይውላሉ፤ የዕቃ ስም እንኳ ሰው ያስነብባሉ። እኔን ሲያዩ «መሐንዲሱ ልጄ!» ብለው ለደንበኛ ያስተዋውቁኛል። እኔም እስቃለሁ። አይ እኔ! ምን ዓይነት ፊት ነው ያለኝ?

«የመኖሪያ ወረቀት አልነበረኝም፣ ብባረር የት እገባ ነበር?» ይህን ለራሴ ስንቴ ብያለሁ። ልፍለፋ ነው። እሳቸውስ መቼ ነበራቸው?

ስለዚህ ምሕረትህን ለራስህ ያዘው። የበደልኩት አንተን አይደለም፣ ይቅር ልትለኝ አትችልም። ይህን ጽፌ ስጨርስ ቶኮዛ እሄዳለሁ። ካባረሩኝ ያባርሩኝ፣ ከረገሙኝም ይርገሙኝ። «ጋሼ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም። ስዕሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ» እላቸዋለሁ። «ግን» የምትል ቃል አልጨምርበትም።