ሰው በዓይን የሚፈትሸው “ጥራት”

በሸሚዝ ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም “ጥራት” ነው የሚለው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ላጤ ነው፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሠራውም አንድ ሥራ ነው፦ ተሰፍቶ ያለቀውን ሸሚዝ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ከኮሌታው እስከ ጫፉ መፈተሽ። የዘለለች ስፌት፣ ያልተቆረጠች ክር፣ በፀጉር ስፋት የተዛነፈች የቁልፍ ቀዳዳ ከእሱ አታመልጥም። እስከዚህ ድረስ ማንም አያማውም። ችግሩ ሰውንም እንደ ሸሚዝ መፈተሹ ነው። በምሳ ሰዓት ወጣት ሰፊዎቹን ከብቦ፣ በሽታ ያለበትን ሰው ከጥፍሩና ከአረማመዱ እንደሚለይ ያስተምራል። ተሳስቶ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ለፋብሪካው ክርና መርፌ የምታቀርብ አንዲት ነጋዴ ነበረች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታ፣ በዋጋ ላይ ግን ንቅንቅ የማትል። ዓመት ሙሉ በቀልድ ሲጎሻሸሙ ቆይተው፣ አንድ ዓርብ ዕቃ አስረክባ ምሳ አብረው በሉ፤ ከምሳው በኋላ ቤቷ ሄዱ። ኮንዶም ይዞ እንደሆነ ጠየቀችው። “ለእኔና ለአንቺ ደግሞ ምን ያደርግልናል? አይቼሻለሁ እኮ” አላት፤ ማኅተም እንደመታላት ያህል። እሷም ያን ቀን ልቧ ለስልሶ ነበርና ነገሩን አልገፋችበትም። ለዚህ በኋላ ራሷን ብዙ ወቅሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ወሬ በወሬ ላይ ሲደርብ፣ የክር ነጋዴዋ ባል ከመሞቱ በፊት ከስቶ ከስቶ ክር መስሎ እንደነበር ጣል አደረገ። ጥራት እጁ ላይ ያለው ሸሚዝ ከበደው። ትናንት ጽድት ያለችው ሴት በአንድ ሌሊት ጉድለቷ በዝቶ ታየው።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ጤነኛ ሰው አያደርገውም። ቆዳው እስኪላጥ ታጠበ። በጨው ውኃ ተጉመጠመጠ። ነጭ ሽንኩርት በጥሬው አላመጠና ጠረጴዛው አጠገብ የሚቆም ጠፋ። ምላሱን በመስታወት እያየ፣ ስልኩ ላይ ሐኪም ነኝ ያለውን ሁሉ ሲሰማ ዋለ። የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው፤ ብርጭቆና ፎጣውን ለይቶ ማስቀመጡን ስታይ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። አንድ ጓደኛው እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አሳስቦት እንደሆነ ነገራት።

“እንግዲያው ለጓደኛህ ንገረው” አለች እህቱ፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ። “በብርጭቆ አይተላለፍም። ነጭ ሽንኩርቱንም ይተወውና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂድ።”

ጥራት ሰፈሩ ያለውን ጤና ጣቢያ አልፎ፣ ሁለት አውቶብስ ቀይሮ፣ ጥቁር መነጽርና ቆብ አድርጎ ረቡዕ ዕለት ሌላ ሰፈር ሄደ። ተራው ደርሶ ሲገባ ለነርሷ መጀመሪያ የነገራት ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሴትዮዋ ነው፤ በሽታ ሳታስይዘው እንዳልቀረች አስረዳት። ነርሷ ቀኑን ጠየቀችው። ዓርብ ነበር አላት። እሷም በጣቷ ቆጥራ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ቢመጣ ኖሮ ኤችአይቪን የሚከላከል ለሃያ ስምንት ቀን የሚዋጥ ኪኒን ይሰጠው እንደነበር፣ አሁን ግን ጊዜው እንዳለፈ ነገረችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው፤ ጥራት ሦስቱን ቀን በነጭ ሽንኩርት ጨርሷቸዋል።

ደሙን ሰጥቶ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀ። ተመልሶ ሲገባ ነርሷ ኤችአይቪ እንዳልተገኘበት ነገረችው። ደረቱን ነፍቶ ቆቡን አነሳ።

“ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም” አለችው። የዛሬው ውጤት የሚናገረው ስለ ቀድሞው እንጂ ስለ ዓርቡ እንዳልሆነ፣ በስድስት ሳምንትና በሦስት ወር ተመልሶ መመርመር እንዳለበት፣ እስከዚያም ያለ ኮንዶም እንዳይሞክር ነገረችው። ቀጥላም ሌላኛውን ወረቀት ገለበጠች። ቂጥኝ ተገኝቶበታል፤ ማረጋገጫው ምርመራም ያንኑ ብሏል።

“አላልኩሽም፣ ሲስተር? እሷ ናት!”

“ቂጥኝ ደም ውስጥ ለመታየት ሳምንታት ይፈጅበታል” አለች ነርሷ። “የዓርቡ ቢሆን ዛሬ አናየውም ነበር። ይሄን እሷ አልሰጠችዎትም፤ እርስዎ ይዘውት ነው የሄዱት።”

ምንም ምልክት እንደሌለው፣ ገላውን ደግሞ እንደ እሱ የሚፈትሽ እንደሌለ ተከራከረ። ነርሷ ቁስሉ ሳያም ወጥቶ፣ ሳይታከም ጠፍቶ፣ በሽታው ግን ደም ውስጥ ተደብቆ እንደሚቀመጥ በትዕግሥት አስረዳችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለውን ተረት ግን አልተረተችበትም፤ የሥራ ሰዓቷ ነበር። በየሳምንቱ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት የፔኒሲሊን መርፌ አዘዘችለት። ባለፈው ዓመት አብረውት ለነበሩ ሴቶች የሚሰጥ፣ ለምርመራ የሚጠራ ካርድ ስንት እንደሚያስፈልገው ስትጠይቀው ጣሪያ ጣሪያውን አየና ሦስት አለ።

የመጀመሪያውን ለክር ነጋዴዋ ይዞላት ሄደ። ሱቋ ውስጥ በክር ጥቅሎቹ መካከል ቆሞ መንገድ ላይ ያጠናውን ንግግር ጀመረ፤ መሐል ላይ ጠፋበትና ካርዱን ዘረጋላት። አንብባ ስትጨርስ ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አውጥታ ፊቱ አስቀመጠች። በየስድስት ወሩ ትመረመራለች፤ የመጨረሻው ውጤት ከወጣ ገና አንድ ወሩ ነው፣ በሁሉም ነጻ ናት። ባሏን የገደለው ስኳር ነበር።

“ያን ቀን አንተ እኔን አየኸኝ” አለችው። “አንተንስ ማን አየህ?”

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ በሽታው ሳይጀምራት የሚከላከለውን መርፌ ተወጋች፤ ከሦስት ወር በኋላም ተመርምራ ነጻ ሆና ተገኘች። ክሩን ማቅረቧን ቀጠለች፣ ግን በሠራተኛ ትልካለች።

ጥራትም መርፌዎቹን ጨረሰ። እነዚያን ሳምንታት መቀመጥ አቅቶት ቆሞ ሲፈትሽ፣ ሰፊዎቹ ኪንታሮት ነው ብለው አዘኑለት፤ እሱም አላስተባበለም። በሦስት ወር የኤችአይቪው ምርመራ ነጻ ሲለው አለቀሰ፤ ነርሷም ሶፍት አቀበለችው።

ከዚያ ስለ ቀሩት ካርዶች ጠየቀችው። ሁለተኛዋ ሴት በስልክ ሰምታው ምንም ሳትመልስ ዘጋች፤ በሳምንቱ “ታከምኩ” የምትል አንዲት ቃል ላከች። ሦስተኛዋን ለሥልጠና በሄደበት ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ነው ያገኛት። ስሟን አያውቀውም፣ ስልኳም የለውም። ነርሷ የሚያስታውሰው ነገር እንዳለ ጠየቀችው፤ መልኳን፣ ሥራዋን፣ ሰፈሯን።

ጥራት ብዙ አሰበ። “የካፖርቷ ሁለተኛ ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም ነበር” አለ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አንስታ “አልተገኘችም” ብላ ጻፈች፤ ቀጣዩን ባለተራ ጠራች።