አባባ በገናቸውን የሰቀሉበት ቀን

ዛሬ መካነ ሰላም ያለው ቤታችን ስገባ አባባ በገናቸውን በነጠላ ጠቅልለው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል።

«ምነው?» ብላቸው፣ «መዝሙሩን ፍርድ ቤት አግዶት የለ እንዴ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለሱቅ መዝሙራቸውን ሳያስፈቅድ በፍላሽ እየገለበጠ ሲሸጥ ከሰስነው፤ ትናንት የእግድ ትዕዛዝ ወጣልን። ከሳሹ አባባ ግን እግዱን ከተከሳሹ ቀድመው አከበሩት።

ትዕዛዙን አነበብኩላቸው። «የታገደው የሱ መገልበጥና መሸጥ ነው፤ እርስዎ መደርደር አልተከለከሉም።»

ትንሽ አሰቡና በገናውን አወረዱ። «መስማትስ?»

«መስማትም አልተከለከለም።»

«እንግዲያ ባለሱቁን ጥራው። ቢወደው አይደል የገለበጠው።»

አባቱ የከሰሱትን ሰው ለበገና የጠራ ካለ እስኪ ከታች ይጻፍልኝ። ስልኩን ይዤ ምን እንደምለው ጨንቆኛል፤ አባባ ደግሞ ክሩን ቃኝተው ጨርሰዋል።