ለአንድ በሬ የወጣ ደቦ

ስርጉት ደብረ ታቦር ውስጥ አርኪኦሎጂ ታስተምራለች። ፖሊስ የተቀበረ ነገር ሲያጣ የሚጠራው እሷን ነው። ባለፈው የተጠራችው ገሳይ ከተማ አጠገብ ለጠፋ የእርሻ በሬ ነበር። በሬው ታርዶ ተበልቷል፣ ቀንዱና ቆዳው አያ ሙላቴ ጓሮ ተቀብሯል የሚል ጥቆማ ደርሷል።

አንዴ የተቆፈረ አፈር ቀለሙ ይለያል። ስርጉት ተንበርክካ ይህንኑ በማንኪያና በብሩሽ ስትፈልግ አረፈደች። የጎረቤቶቹን አንጀት በላች። «ይሄን ሁሉ ተምራ መሬት በብሩሽ ትጥረግ?» አሉ።

ምሳ በልታ ስትመለስ አያ ሙላቴ ጠላ አቅርበው ደቦ ጠርተዋል። ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ተገልብጧል፤ ጠብቅ የተባለው ሚሊሻ ሳይቀር ዶማ ይዟል። ሁሉም ምርቃት ይጠብቃል። አፈሩ ግን አሁን ሁሉም አንድ ቀለም ሆኗል።

አያ ሙላቴ ብቻ ጥግ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው፣ ተቀምጠው «በርቱ» ይላሉ። ዶማ ያልነካው እሳቸው የተቀመጡበትን ቦታ ብቻ ነው።

ስርጉት ብሩሿን ይዛ ሄደች።

«አያ ሙላቴ፣ እስቲ አንዴ ይነሡልኝ።»

«ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ልጄ። ምነው?»

«ቀንዱ እንዳይወጋዎት ብዬ ነው።»